ጠምበለል በቅቤ ተራ

በቡሬ ቅቤ ተራ የደስታነሽ አፍንጫ ያልመሰከረለት ቅቤ አራስ ቤት አይገባም ይባላል። ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ አንድ ጊዜ አሽትታ ትለያለች። ከሷ የሚገዙ ያመሰግኗታል፤ ለሷ የሚሸጡ ገበሬዎች ግን ጉንፋን እንዲይዛት ይሳላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮስሞቲክስ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሳቢሃ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች።

«እትዬ ደስታነሽ፣ ላስቸግርዎት። ይኸን ሽቶ ላምጣው ወይስ ልተወው እያልሁ ነው። የኛ ሰው እንደሁ ከበር ሲገቡ ጓሮ ድረስ ካልሸተተ አይገዛም። ይኸ ደግሞ ቀለል ያለ ነው፤ የጃስሚን ሻይ ይላል። ይቀቡትና ይቆይ እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ሻይ ደግሞ መጠጣቱ ቀርቶ መቀባት ሆነ?» አለች ደስታነሽ። እጇን ግን ዘርግታለች፤ ሳቢሃም የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አደረገችላት።

መጀመሪያ የመጣው የሎሚ ልጣጭ ሽታ ነበር፤ እሱ እግረ መንገዱን ሰላም ብሎ አለፈ። ቀጥሎ በልጅነቷ ወንዝ ዳር ዛፍ ላይ ሲጠመጠም የምታውቀው ጠምበለል፣ ነጭ አበባው ሳይቀር ታያት። «ጃስሚን የሚሉት ይኸን ነው እንዴ!» አለች ለራሷ። ትንሽ ቆይቶ ጠምበለሉ ወደ ኋላ አለና ስኳር ያልገባበት የቀዘቀዘ ሻይ መጣ። ነገሩ ደስ አላት። ደንበኛ እየመዘነች እንኳ አንጓዋን ወደ አፍንጫዋ ታነሣለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ግን አነሣች፤ ምንም። አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው፤ ምንም።

«ሳቢሃ!» ብላ በሚለያቸው የቆርቆሮ ግድግዳ በኩል ተጣራች። «ይኸ ሽቶሽ ምሳ ሳይበላ ሄደ!»

ሳቢሃ መጥታ ገና ከደጅ ቆመች። «ወላሂ እትዬ፣ እኔን እዚህ ድረስ ይሸተኛል። ጠምበለሉም ሻዩም አለ።»

«አታሹፊብኝ።»

«እርስዎ ለምደውት ነው እንጅ። የተቀባ ሰው ለራሱ ቶሎ ይጠፋበታል። እንግዲያው ይቆያል ማለት ነው፤ አመጣዋለሁ።» ደስ ብሏት ተመለሰች።

ደስታነሽ ግን ደስ አላላትም። በአንድ ጠዋት ጠምበለልን የለመደ አፍንጫ፣ ዕድሜ ልኩን ቅቤ መካከል ተቀምጦ ምን ያልለመደው አለ? ባልዲዎቿን በየተራ አሸተተች። ሁሉም ለጋ ነው። ደነገጠች፤ ሁሉም ለጋ ሆኖ አያውቅማ።

በዚህ መካከል አድማሴ የሚባሉ የደጋ ዳሞት ሽማግሌ ገቡ። ልጃቸው ወልዳለች።

«እታለም፣ ለሕፃኑ አናት ነው፤ ለጋ ይሁን። እኔ እንደሁ ቅቤና ሞራ አልለይም። አንች ካልሽ ይበቃኛል።»

ጭልፋውን ትልቁ ባልዲ ላይ አድርሳ ቆመች። «አያ አድማሴ፣ ትንሽ ይቀመጡ። ነቀምት መንገድ ደርሼ መጣሁ።»

«ነቀምት! ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ትመለሻለሽ?»

ከገበያው ወጥታ የነቀምት መንገድ መገንጠያው ላይ ፊቷን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙራ ቆመች። አቧራ፣ ናፍጣ፣ ከእህል መጋዘን የሚወጣ የጤፍ ብናኝ።

«እናት፣ ጉዞ ነው?» አላት አንድ ባጃጅ ነጂ።

«አይ፣ አፍንጫዬን ላናፍሰው ነው።»

ልጁ ሌላ ደንበኛ ፍለጋ ሄደ።

ስትመለስ ገና ደጃፉን ከመርገጧ ጠምበለሉ ከገዛ እጇ ተነሥቶ ተቀበላት። ሳቢሃ አልዋሸችም። ከጠምበለሉ በስተጀርባ ግን ሌላ ሽታ አለ። ተከትላው ሄደች፤ ትልቁ ባልዲ ላይ ቆመ። በሳል። ያውም ሰነባብቷል። ሌሎቹንም አሸተተች፤ ለጋ የለም።

«አያ አድማሴ፣» አለች፤ «ይኸ ለወጥ ነው እንጅ ለሕፃን አናት አይሆንም። ለጋ የለኝም። ማዶ ሠርክአዲስ ዘንድ ይግዙ።»

«የሷን ማን ያሸትልኛል?»

ደስታነሽና ሠርክአዲስ በደንበኛ ሽሚያ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ሽማግሌው ተከተሏት። ማዶ ደርሳ፣ ሽቶ ያልነካውን እጇን የሠርክአዲስ ባልዲ ውስጥ አስገብታ ቅቤውን ቆንጠር አደረገች፤ አሸተተች፤ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረችና ደግማ አሸተተች።

«ለጋ ነው» አለች፣ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው።

ሠርክአዲስ ይህን ቃል ከደስታነሽ አፍ ሰምታ አታውቅም። ወዲያው ዋጋ ጨመረች።