በኮባ ቅጠል የመጣ ቅቤ

ሙሉነሽ ደክሟታል። ደክሟታል ሲባል ተኝተው ሲነሡ የሚለቀው ዓይነት ድካም አይደለም፤ እሱንማ ማን አጥቶት። የእሷ ቆመው ማንኪያ እያማሰሉ እንቅልፍ የሚወስድበት ዓይነት ነው። ሰበታ ላይ ጥር ሲገባ ሰው ሁሉ ካላገባሁ ይላል። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ ድንኳኑ በየሰፈሩ ይተከላል። ድንኳን ባለበት ደግሞ ቀሪቦ አለ፤ ቀሪቦ ባለበት ሙሉነሽ አለች። ጴንጤውም ሙስሊሙም አስካሪ ነገር አይነካምና፣ ከተፍኪ እስከ ቡራዩ ድግስ ያሰበ ቤት ገና አዳራሽ ሳይዝ እሷን ነው የሚይዛት።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። የገብስ ዱቄት ይቦካል፣ ጥቁር እስኪል ይጋገራል፣ ተሰባብሮ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፣ ሲያድር በጨርቅ ይጠለላል። ቀዝቅዞ ሲጠጡት እሰይ ያሰኛል። እንግዳው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲጨልጥ ሙሉነሽ ጓሮ ናት። ሦስተኛውን ሲያስቀዳም እዚያው ጓሮ ናት። ስንት ሙሽራ በእሷ ቀሪቦ ተድራለች፤ እሷ ግን ከጨርቁና ከበርሜሉ ቀና ብላ ያየቻት ሙሽራ የለችም ማለት ይቻላል።

የሰው ሙሽራስ ትቅር። የቆጫት የገዛ ልጇ ነገር ነው። በትልቋ በሄመን ሠርግ ቀን ሙሉነሽ፣ «ይቺን አንድ በርሜል አጥልዬ መጣሁ» ብላ ወደ ጓሮ ገባች። እጇን አድርቃ ስትወጣ ግቢው ውስጥ የረገፈ አበባ ብቻ ነበር የቀረው። ሹፌሮቹ ቸኩለዋል፣ ዘመድ ተጣድፏል፣ «እናትየው የት ናት?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሄመን አሁን ሱሉልታ ቤቷን ይዛ፣ ወልዳ ተቀምጣለች፤ ቂምም የለባት። ሙሉነሽን ግን ነገሩ እስከ ዛሬ ይበላታል። ልጅ ከቤት ስትወጣ ደጃፍ ላይ ራሷን ይዘው የሚመርቋት እናትና አባቷ ናቸው፤ አባትየው ከሞተ ደግሞ ሌላ ማን አለ? ለትንሿ፣ ለጣቢታ፣ ይሄ አይደገምም ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። ጣቢታ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ ገደል ይግባ።

እንግዲያው አንዱን ቀን እንኳ ቀሪቦውን ሌላ ሰው ቢሠራውስ? ይህንኑ ራቢአም ብላታለች። ራቢአ አጥሩን ተደግፎ ያለው ሱቅ ባለቤት ናት፤ ሙሉነሽ ከወላይታ ሶዶ መጥታ ሰበታ ፋብሪካ በገባች ጊዜ ቀሪቦ ያስተማረቻት እሷ ናት።

«የልጅሽን እኔ ልሥራልሽ» አለቻት። «አንቺ ለብሰሽ ቁጭ በይ።»

«በእኔ ቤት የሌላ ሰው ቀሪቦ ሊቀዳ? ሰው ምን ይላል?»

«ደክሟት ነው ይላላ! እያየሽ ነው ግን ራስሽን? ዓይንሽ ገባ ብሏል እኮ።»

አልሰማቻትም። ኩራት እንደ ልብስ የሚወልቅ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር፤ ሙሉነሽ ግን በዚያው ሳምንት የሁለት ሰው ድግስ አድርሳ፣ በዚያው እጇ የልጇን ዘፈዘፈች። እርሾውን ጨመረች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ አሸለበች፤ ነቅታ፣ «ውይ፣ እርሾው» ብላ እንደገና ጨመረች። ሁለት ጊዜ መጨመሯን ያን ሰዓት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷንም ጨምሮ።

የሠርጉ ዋዜማ እናቷ ማማ ዶርቃ ከሶዶ ገቡ። ከልብስ ይልቅ በጥንቃቄ የያዙት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ነበር። በእሳቸው አገር ሙሽራ ከቤት የምትወጣው አያቷ አናቷን ቅቤ ቀብታት ነው፤ ቁንጅናውም እሱ፣ ምርቃቱም እሱ ነው። የበጋ ፀሐይ ቅቤውን ሲያቀልጠው ወደ ጭንቅላት ይገባል፣ ሐሳብ ያበርዳል፣ ራስ ምታት ያወጣል፣ ትዳርም ያለሰልሳል። ማማ ዶርቃን ብትጠይቋቸው የማይሠራው ሥራ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጠሉን ፈትተው ወደ ሙሽራዋ ክፍል ገቡ። ጣቢታ ቬሎዋን ለብሳ መስታወት ፊት ተቀምጣለች። ሚዜዋ ፀዲ የመጨረሻውን ኩል እያስተካከለችላት ነው።

«ነይ የኔ ልጅ፣ አናትሽን ስጪኝ።»

ጣቢታ በሁለት እጇ ፀጉሯን ከለለች። «ውይ አያቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ አይሆንም። ፀጉሬ ተተኩሶ አልቋል። ቬሎው ደግሞ የኪራይ ነው።»

«ትንሽ ብቻ። መሐል አናትሽ ላይ።»

«ማማ፣ ሜካፑም ይወርዳል» አለች ፀዲ ጣልቃ ገብታ። «በስንት መከራ ነው የያዘው።»

አሮጊቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቅጠሉን መልሰው አጠፉት፤ ያን ሁሉ መንገድ በጭናቸው ላይ ይዘውት የመጡትን ቅቤ እንደያዙ ወጥተው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሙሉነሽ አየቻቸው። ግን ምን ታድርግ፤ ልጅቷም እውነቷን ነው፣ እናቷም እውነታቸውን ነው፣ እሷ ደግሞ የበርሜሉን ክዳን ልትከፍት ነው።

ከፈተችው። አረፋው እስከ አፉ ድረስ ወጥቷል። ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

«ራቢአ!» ብላ በአጥሩ ላይ ተጣራች። «ራቢአ፣ ቶሎ ነይ!»

ራቢአ መጥታ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። ሁለቱም ተያዩ። እዚህ ላይ ነው የችግሩ ችግር፤ አስካሪ ሆኖ እንደሆነ ለማወቅ መቅመስ ያስፈልጋል፣ አስካሪ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አይቀምሱትም። ራቢአ ሙስሊም፣ ሙሉነሽ ጴንጤ፣ ማማ ዶርቃ ከልጅነት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ሰው፤ ግቢው ሙሉ ሰው ነበር፣ የጠላ ጣዕም የሚያውቅ ምላስ ግን አልነበረም። የእዮብ፣ የሙሽራው አባት ደግሞ ቡራዩ ውስጥ ስለ መጠጥ ሲሰብኩ የሚታወቁ ሽማግሌ ናቸው። በሙሽሪት ቤት ጠላ ተቀዳ ከተባለ ጣቢታ ይህን ስትሰማ ልትኖር ነው።

«ኦቦ ገመቺስን ጥሪልኝ» አለች ሙሉነሽ።

ኦቦ ገመቺስ ከጀርባቸው ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ እሳቸው በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«አካም ቡልተን! ምነው፣ ሙሽራዋ ታመመች?»

«ደህና ናት። ኦቦ፣ እባክዎ ይቺን ይቅመሱልን።»

ተቀበሉ። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ቀመሱ። ብርጭቆውን እስከ ታች ጨለጡትና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ኩን ፈርሶዳ!» አሉ። «ሙሉነሽ፣ ይሄማ ጠላ ነው! ያውም ደህና ጠላ። ስትችይ ኖረሽ እስከ ዛሬ ደብቀሽን ነው?»

ራቢአ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሙሉነሽ ግን ሳቁ አልመጣላትም። በርሜሉን ጨብጣ ቆመች፤ እንባዋ ሊመጣ ፈለገ፣ እሱም ደክሞት ቀረ። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እሳት ላንድድ» አለች። «ገብስ አለኝ። ትንሽም ቢሆን ልጋግርና...»

«መቼ ሊደርስ?» አለች ራቢአ። «አጃቢዎቹ እኮ አሁን ናቸው የሚመጡት።»

«እደርሳለሁ። እዚሁ ነኝ። ሲመጡ ጥሩኝ፣ ሮጥ ብዬ...»

ንግግሯን አልጨረሰችውም። ሮጥ ብዬ መጣሁ ያለችው በሄመን ቀንም ነበር። ራሷም ሰማችው፤ እግሯ ግን ልማዱን ይዞ ወደ እሳቱ መራመድ ጀመረ። ለዓመታት ያልተቀመጠ ሰው እንደዚህ ነው፤ ቁጭ በል ቢሉት እንኳ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

ማማ ዶርቃ በረንዳው ላይ ሆነው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። ተነሡ፤ ቅጠሉን ፈቱ፤ ከኋላዋ መጥተው ያንን ሁሉ ቅቤ፣ ለሙሽራ የመጣውን፣ በሁለት እጃቸው ዘግነው አናቷ ላይ ጫኑት።

«እማ! ምን አደረጉኝ?»

«እሺ፣ አሁን ወደ እሳቱ ሂጂ» አሉ ማማ ዶርቃ።

አትሄድማ። ቅቤ የተቀባ ሰው እሳት አጠገብ ከቆመ ቅቤው ባንዴ ቀልጦ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። የሶዶ ሴት ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ አናቷን የተቀባች ሴት ያን ቀን አትጋግርም፣ ውኃ አትቀዳም፣ ማንም ነይ ሂጂ አይላትም። አናቷ ቅቤውን እስኪጠጣው ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ማማ ዶርቃ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ደጃፉ አጠገብ፣ ሙሽራዋ የምትወጣበት በር ሥር፣ ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«እንግዶቹስ?» አለች ሙሉነሽ። «ምን ይጠጣሉ?»

«ሱቄ ውስጥ ማር አለ» አለች ራቢአ። «ብርዝ እበጠብጥላቸዋለሁ። እሳት አይፈልግ፣ ማደር አይፈልግ። ማርና ውኃ ነው፤ ማን ምን ሊል?» ከዚያ ወደ ኦቦ ገመቺስ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ይህን በርሜል ከዚህ ያጥፉልን።»

«በደስታ» አሉ ኦቦ ገመቺስ፤ እንደዚያ ቀን ተደስተውም አያውቁ።

ሙሉነሽ ተቀመጠች። ልትነሣ ፈለገች፤ የእናቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ነው። ቅቤው መቅለጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ማጅራቷን ቀዘቀዛት፣ ከዚያ ለስለስ ብሎ ወረደ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ፀሐዩ ጉልበቷን አሞቀው። በዚህ ጥር ፀሐይ እንደዚህ ደስ እንደሚል አላወቀችም ነበር፤ እሷ የምታውቀው ቀሪቦ እንደሚያበላሽ ነው። ከግቢው ማዶ ራቢአ ማሩን ስትበጠብጥ ይሰማታል። አጃቢዎቹ እስኪመጡ ዓይኔን ብቻ ላሳርፍ አለች።

ስትነቃ ጥላው ቦታ ቀይሯል። ግቢው ጸጥ ብሏል።

ይሄን ጸጥታ ታውቀዋለች። «ሄደች!» ብላ ዓይኗን በደንብ ሳትገልጥ ልትነሣ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። «ልጄ ሄደች! ምነው አንድ ሰው ቢቀሰቅሰኝ! ምነው እማ!»

«እማዬ፣ እዚህ ነኝ።»

ጣቢታ እግሯ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ነጩ ቬሎ መሬቱ ላይ ተነጥፏል። ከኋላዋ የሙሽራው ወገን በሙሉ፣ ልጅ አዋቂው፣ ብርዙን ይዞ በተገኘው ነገር ላይ ተቀምጧል። እዮብ ክራቫቱን አላልቷል። አባትየው ብርጭቆአቸውን ጨርሰው ሁለተኛ እያስቀዱ ነው። ውጭ መኪኖቹ ቆመዋል፤ አንዱም ጥሩምባ አይነፋ።

«ማነው ዝም ያሰኛቸው?» አለች ሙሉነሽ።

«ሙሽራዋ ናታ» አለች ፀዲ በሹክሹክታ። «እናቴን የቀሰቀሰ ከሠርጌ ይቅር አለች። ፓስተሩ ደውሎ፣ ደውሎ ተስፋ ቆረጠ።»

«ጣቢታ፣ ሰው ታስጠብቂያለሽ? በሠርግሽ ቀን?»

«ይጠብቁ» አለች ጣቢታ። ኩሏ በአንድ በኩል ተንጠባጥቧል። «ሄመን ነግራኛለች። መኪናው ሲነሣ ወደ ጓሮው እየዞረች፣ እያየች ነው የሄደችው። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ። እኔ እንደዚያ አልሄድም፣ እማዬ።»

ሙሉነሽ ስለ ሄመን ይህን አታውቅም ነበር። ጥለውኝ ሄዱ ብላ ስትቆጭ፣ ልጅቷ ዞር ብላ መፈለጓ በሐሳቧም መጥቶ አያውቅ። ልትመርቃት እጇን አነሣችና መልሳ ሰበሰበችው፤ መዳፏ በቅቤ ርሷል።

«እጄን ልታጠብ። ፀጉርሽ...»

ጣቢታ አላስታጠበቻትም። የእናቷን ሁለት እጅ ከነቅቤው ይዛ በተተኮሰው ፀጉሯ መሐል፣ አናቷ ላይ አደረገችው። ፀዲ፣ «ቬሎው!» ብላ አፏን ያዘች። ከበረንዳው የማማ ዶርቃ እልልታ ተሰማ፤ ቅቤው በመጨረሻ የመጣለት አናት ላይ ደርሷል።

ሙሉነሽ ከሄመን ሠርግ ጀምሮ ለዚህች ደቂቃ ስንት የምርቃት ቃል ስታዘጋጅ ኖራለች። ውለጂ ክበጂ ነበር፣ ቤትሽ ይሙላ ነበር፣ ረጅም የሆነም ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ሁሉም ጠፋባት። የልጇን ሞቃት አናት ይዛ፣ የሚያያትን ሕዝብ ረስታ፣ አለቀሰች።

«ልጄ» አለቻት፤ «እንደ እኔ አትድከሚ።»