ለሚስቱ ያላሳያት ዋሻ

የሰፈሩ ሰው «አሳው» ይለዋል። ከሠርጉ ዕለት በቀር ደረቅ ልብስ ለብሶ ያየው የለም እየተባለ ይቀለድበታል። ሥራው ጠላቂዎችን መምራት ነው። ከቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከነጭ ገደል ሥር፣ አንድ የጠራ ኩሬ አለ። አየር የተሞላ ሲሊንደር በጀርባው ያዘለ ሰው አሥራ ስምንት ሜትር ወርዶ፣ በደረት ተስቦ በሚታለፍ ጠባብ ጉሮሮ ሲሾልክ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም በሙሉ ክሪስታል የሆነ ሰፊ አዳራሽ ይጠብቀዋል። ያንን ዋሻ መጀመሪያ ያገኘው አሳው ነው። ሰው መንገድ እንዳይስት ገመድ የዘረጋበትም እሱ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የመጥለቂያ ልብሶቹ ጉልበታቸው ሲሳሳ ወይም ዚፓቸው እምቢ ሲል የምትጠግነው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ዋሻ ደርሶ የመጣ ልብስ ሁሉ በእጇ አልፏል። ዋሻውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም።

«እስቲ አንድ ቀን ውሰደኝ» ስትለው፣

«ዋና ሳትችይ? ድንጋይ ብጥል ይሻለኛል» ይላታል። ስቃ ትተወዋለች፤ እውነቱን ነዋ።

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ እያለች በሳምንት ሁለት ቀን ወደ መዋኛ ገንዳ መሄድ ጀመረች። የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ሕፃናት ጋር ተሰልፋ፣ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ እግሯን ስታንፈራግጥ ከረመች። ስምንት ወር ፈጀባት። አንድ ቀን አሳው ምሳውን ሲበላ ፊቱ ቆመችና፣

«ዛሬ ገንዳውን ደርሶ መልስ ዋኘሁ። ሳላርፍ» አለችው።

ጉርሻው በአፉ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት፤ ያገኘውን እንግዳ ሁሉ እያቆመ የሚስቱን ጀግንነት ሲያወራም ሰነበተ። እሷም ከተጣሉ ልብሶች ደህና ደህናውን እየቆረጠች፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ሰማያዊ የሆነ የመጥለቂያ ልብስ ለራሷ ሰፋች።

ወሬው ግን ወሬ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ «ውሃው ይጥራ» አላት። ውሃው ሲጠራ «እንግዳ በዛብኝ፣ ይቅለልልኝ» አላት። እንግዳው ሲቀል ደግሞ ገመዱ መቀየር አለበት ተባለ። ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ዓመት ሄደ። እሷም መጠየቁን ሳትተው፣ አጠያየቋን ግን እያሳጠረች መጣች። በመጨረሻ «ዘንድሮስ?» ብቻ ሆነ።

በአራተኛው ዓመት «ዘንድሮስ?» ስትለው ሰበብ አለቀበት። የሐኪም ወረቀት ያላመጣ ሰው ወደ ዋሻው አይወርድም የሚል ሕግ ነበረው፤ እሷም እንደማንኛውም እንግዳ ለመመርመር ሄደች። አብሯት ሄደ። ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየው።

«ሳንባሽ ላይ አየር የቋጠረ ነገር አለ፤ እንደ ትንሽ ፊኛ። ለኑሮሽ የሚያሰጋ አይደለም። ውሃ ውስጥ ከጠለቅሽ ግን ስትወጪ ሊፈነዳ ይችላል።»

«ይድናል?» አለ አሳው።

«ለመጥለቅ የሚያበቃ አይሆንም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለብኝ?» አለች እሷ።

ሐኪሙ ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ሕመም የተነሣችውን ፎቶ ከመዝገቧ አውጥቶ ጎን ለጎን አያቸው። በዚያኛው ምንም አልነበረም። ባልና ሚስቱ ቤታቸው ገቡ።

በአምስተኛው ቀን አሳው ብቻውን ወደ ዋሻው ወረደ። እንግዶቹን ሁልጊዜ «በዓይናችሁ እንጂ በእጃችሁ እንዳታዩ፤ ጣት የምታህለው ክሪስታል እንኳ ለማደግ ሺህ ዓመት ፈጅቶባታል» ይላቸው ነበር። አሁን ከአዳራሹ መሀል፣ ከሁሉ የምታምረው ክሪስታል ፊት ቆሞ፣ የመጥለቂያ ቢላውን እጀታ አነሣባት። ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ውሃውም ለአፍታ ደፈረሰ።

ቤት ሲደርስ ስባሪውን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አኖረው። ባትሪ ሲበራበት ዋሻውን የሚያንቦገቡገው ያ ክሪስታል፣ ደርቆ የመስኮት ስባሪ መስሏል።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ከዋሻው ነው።»

«ወድቆ አገኘኸው?»

ስባሪውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«ሰበርከው?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔማ ብለህ ቢሆን፣ ያኔ እጄን ይዘህ በወረድክ ነበር።»

ብትቆጣው ይቀለው ነበር። የተናገረችው ግን የክር ዋጋ እንደሚነግር ሰው ረጋ ብላ ነው። አሳው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ውሃው አልነበረም» አላት። «እንግዶቹም አልነበሩም።»

«ታዲያ ምንድን ነበር?»

«እዚያ ስገባ የማንም አይደለሁም። የሚጠራኝ የለም፣ የሚጠይቀኝ የለም። እንግዳውም ቢሆን አይቶኝ ይሄዳል። አንቺ ከገባሽ ዋሻው ቤት ይሆንብኛል ብዬ ነው የሰሰትኩት።»

«ይኼንንማ አውቃለሁ» አለች።

«ካወቅሽ፣ ያን ሁሉ ወር ለምን ተንገላታሽ?»

«ይለወጥ ይሆናል ብዬ ነዋ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ስባሪውን መልሶ ወሰደው። የተሰበረበት ጉቶ ላይ ሊያቆመው ቢሞክር እየተንሸራተተ አስቸገረው፤ ሥሩ አጋድሞት ወጣ። ዛሬም እንግዶች ከውሃ ሲወጡ «ያንን ማን ነው የሰበረው?» ይሉታል። «እኔ ነኝ» ይላል። ለምን እንደሆነ ግን ነግሮ አያውቅም።

አመሻሽ ላይ፣ እሷ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጦ ዋሻውን ሊነግራት ይሞክራል። ያንን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አውርቶላት ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀምር ይቸግረዋል። ያበራል፣ ያንጸባርቃል ይላል፤ ከዚያ ቃል ያጥረዋል። ድሮ ቢሆን በጥያቄ ታጣድፈው ነበር። አሁን እጇ ሳይቦዝን «እህ... እህ» እያለች ታዳምጠዋለች፤ እንደ ሰው አገር ወሬ።