ምልክት የሌለው መዝጊያ

«ወደ ግራ አዘንብሉት።»

«አዘንብለነዋል ጋሼ። እግሩ ነው የያዘው።»

ቡፌው ግማሹ መኝታ ቤት፣ ግማሹ ሳሎን ሆኖ በሩ ላይ ተቀረቀረ። አራት ወንዶች ከሳሎን በኩል ገፉት፤ መልሰው ሳቡት። ንቅንቅ አላለም። ዘነበች መኝታ ቤት መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ሆና ታያለች። የባሏ ኮት ጭኗ ላይ ነው። አጠገቧ ጎረቤቷ ጌጤና ሌሎች ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ከእንግዲህ ወደ ክፍሉ የሚገባም ከክፍሉ የሚወጣም የለም።

ባሏ ዓለምነው ካረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሠልስቱ ጸሎት በኋላ የወረደው በረዶ የድንኳኑን ሸራ ስለቀደደው ለቅሶ ደራሹ በረንዳው ላይ ተጨናንቆ ቆሟል። የሟች ታላቅ ወንድም ሙሉቀን ሳሎኑ ይለቀቅ ብሎ አዘዘ። ሳሎኑን የያዘው ደግሞ ቡፌው ነው። በውጭው በር እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ወደ መኝታ ቤት ይገባል ብለው ሞከሩ።

«እግዜር ያጥናሽ ዘነቡ» አለች አንዲት ለቅሶ ደራሽ ከቡፌው ማዶ። በእግር ጣቶቿ ቆማ ስለነበር የሚታየው ግንባሯና ዓይኗ ብቻ ነው። ቀጥሎ የንፍሮ ሳህን በቡፌው አናት ተሻግሮ ገባ።

ጌጤ ሳህኑን ተቀብላ ወደ ዘነበች ጆሮ ጠጋ አለች። «ባልሽ በሕይወቱም በር ላይ ተገትሮ ነበር የሚውል። ዛሬም አልተወው።»

ዘነበች ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ከዚያ አለቀሰች።

ቡፌውን ዓለምነው ያመጣው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የቆመ አንድ ትልቅ ቤት ሲፈርስ፣ የመመገቢያ ክፍሉ ቡፌ ጓሮ ወጥቶ ዶሮ ሰፍሮበት አገኘው። ፈታትቶ በጋሪ ጫነና አመጣው። ወፍራም ዋንዛ ነው፤ ሁለት መዝጊያ፣ ሦስት መሳቢያ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ እግር። አንድ ሚስማር የለበትም። ሁሉም በሽብልቅ የተያያዘ ነው።

«ለሰላማዊት ነው» አላት፣ ስለ ልጃቸው። «ቤት ስትይዝ መመገቢያ ክፍሏ ታቆመዋለች።»

«እስከዚያ እኛ የት እንቁም?»

ዓለምነው ሲያሻው የሚመልስ፣ ሳያሻው እንጨት የሚልግ ሰው ነበር። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ጎልማሶችን ማስተማር ጀምሯል ሲባል ሰምታ፣ ልመዝገብ ወይ ብላ ጠይቃው ነበር።

«በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዘሽ በጭቃ?» አላት። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። ልጇ ከባሕር ዳር የምትልክላትን መልእክት ጎረቤት እያስነበበች ኖረች፤ ጎረቤት የዘለለው ነገር ይኖር ይሆን እያለች ሁልጊዜ ትጨነቅ ነበር።

«ሰላማዊት ደውላለች!» አለ ሙሉቀን ከማዶ። «መንገዱ ተከፍቷል። ሐሙሲትን አልፋለች።»

ዘነበች ኮቱን ጨበጠችው። መንገድ ተዘግቶባት ልጇ ለቀብር አልደረሰችም። አሁን ትመጣለች፤ መጥታ ግን እናቷን የምታገኘው ከዚህ እንጨት ጀርባ ነው። አቅፋ እንኳ ልታስለቅሳት አትችልም።

«በቃ መጋዝ አምጡ» አለ ሙሉቀን። «መሃሉን እንቁረጠው።»

«ጋሼ ሙሉቀን፣ ሁለት ዓመት የለፋበት ዕቃ እኮ ነው።» ይህን ያለው ፈይሰል ነው፤ ከዓለምነው ጋር በአንድ የእንጨት ቤት ሃያ ዓመት የሠራ።

«እና ሰው ዝናብ ይምታው? ታዲያ ፍታዋ፤ አናጢ አይደለህ።»

«ሽብልቆቹ በጀርባው በወዲያኛው ጫፍ ናቸው፤ አልደርስባቸውም። ብደርስም ተራቸውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ያለ ተራው አንዱን ከነቀልኩ እንጨቱ ይሰነጠቃል።»

ዘነበች አንገቷን ደፋች። የቡፌው ጀርባ ከፊቷ፣ ክንድ ሲዘረጋ የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው። በየሽብልቁ አጠገብ በእርሳስ የተጻፈ አንዳንድ ፊደል አለ። ሌሎቹ ሴቶች አላዩትም፤ ቢያዩትም ለምን እንደተጻፈ አያውቁም።

«ለ ያለበትን አቀብዪኝ» ይላት ነበር ዓለምነው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ቡፌውን ሲገጣጥም።

«ለ የቱ ነው?»

«ሁለት እግር ያለው።»

መ ሁለት ዓይን ያለው ነው። በ እንደ በር መቃን ነው። አንዳንዴ የጠየቃት እንጨት እግሩ ሥር ተጋድሞ ሳለ፣ እሷን ከምድጃ ያስነሳታል። ታቀብለዋለች፤ ያየውና መልሶ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅለዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና፣ «ለ ያለበትን አምጪልኝ።» እሷ ታጉረመርማለች፤ አገልጋይ የቀጠረ መሰለው ወይ ትላለች። «ሲፈታም ከሀ ተነስቶ በዚሁ ተራ ነው» ይላት ነበር። እንዲህ ሲያደርግ ከርሞ በ የሚለው ፊደል ላይ ሲደርስ ታመመ።

ሆስፒታል በመጨረሻው ቀን ትንፋሹ አጥሮት፣ መዳፏን ገልብጦ ያዘው። «የቀረው ተ ነው» አላት። በጣቱ መዳፏ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፈላት። ሌላ ነገር ይናገራል ብላ ጠበቀች። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ፣ መሰናበቻዋ ቡፌ መሆኑ ውስጧን አቃጠላት። መዳፏን ጨብጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።

መጋዙ መጣ።

መናገር አለባት። ግን ምን ብላ? የባሏ አፈር ሳይደርቅ ስለ ዕቃዋ ተጨነቀች ይሏታል። በሠልስቱ ከፍራሽ ተነስታ መዶሻ ያዘች ይሏታል። ወሬው ከእሷ አልፎ ልጇ ጋ ይደርሳል። ዝም ብትል ደግሞ የእጁ ሥራ ዓይኗ እያየ ይቆረጣል። የመጋዙ ጥርስ ዋንዛውን ሲነካ የወጣው ድምፅ ጥርሷን አጠረሰው።

«ተዉት» አለች።

ጌጤ ትከሻዋን ያዘቻት። «ተቀመጪ፣ እኔ ልንገራቸው።»

«አንቺ አታውቂውም።» ተነሳች። «ፈይሰል፣ መዶሻ አሻግርልኝ።»

መዶሻው በቡፌው አናት ተሻገረ። ሀ ያለበትን ሽብልቅ ከሥሩ መታችው፤ ወጣ። ለን መታች። ከማዶ የሴቶች ሹክሹክታ ተሰማት።

«ምን ነክቷት ነው?»

«ስለ ቡፌው እኮ ነው፣ ትሰሚኛለሽ?»

ሰማች። መዶሻው ስቶ ጣቷን መታት። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ሐን ፈለገች። ሐ፣ መ፣ ሠ እያለች በተራ ሄደች። በ ሲወጣ ቡፌው ተንጓጓና ላላ። ፈይሰል አናቱን አነሳ፤ ጎኖቹ ተለያዩ። በሩ ተከፈተ።

ፈይሰል አንዱን ሳንቃ አገላብጦ አየ። እርሳሱን በአውራ ጣቱ ነካ።

«እትዬ፣ ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ። እንዳይጠፋበት።»

«ዓለምነው?» ሳንቃውን ለሙሉቀን አሳየው። «ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ በአንድ እንጨት ላይ ምልክት አድርጎ አያውቅም። እኔ ሳደርግ ይስቅብኝ ነበር። ጨለማ ውስጥ እንኳ በእጁ ዳስሶ ነበር የሚገጥም።»

ዘነበች መዶሻውን እንደያዘች ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ከምድጃ እያስነሳ ሲያመላልሳት የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። ቀኝ መዳፏን ገልብጣ አየችው። የጨበጠችው ይህ ነበር።

ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ሰላማዊት ናት። በረንዳውን፣ ሳሎኑን አቋርጣ በተከፈተው በር ገብታ እናቷ ላይ ወደቀች። ተቃቅፈው አለቀሱ። ለቅሶ ደራሹም አብሮ አለቀሰ፤ ያሟት ሴቶች እንኳ።

ለቅሶው ሲበርድ ሰላማዊት ዓይኗን ጠርጋ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን እንጨቶች አየች። የቡፌዋን አንዱን መዝጊያ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከፊትም ከኋላም አገላበጠችው።

«እማ፣ ይሄ ምልክት የለውም። ሲገጣጠም የት እንደሚገባ በምን ይታወቃል?»

ዘነበች እጇን ወደ ባሏ ኮት የደረት ኪስ ሰደደች። ጫፉ የተቀረጸው የአናጢ እርሳስ እዚያው ነበር። መዝጊያውን ከልጇ ተቀብላ ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው፤ እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ተ ጻፈ።