የእናኑ ሌማት

ጋዜጣውን የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ። ጣልያን ጥሎት የሄደውን ባለ ሥዕል ጋዜጣ ከፒያሳ ለቃቅሜ፣ በዱቄት ሙጫ አንድ ባንድ ለጥፌ፣ ያንን ጥቁር የጭቃ ግድግዳ ሰው ፊት እንዲቀርብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ባለ ኮፍያዋ ሴት፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ፣ ሳሙና ይዛ የምትስቀው ልጅ፣ ሁሉም የእኔ እጅ ሥራ ነበር። ጎረቤት እየመጣ አፉን ከፍቶ ያያል። እናቴ ብቻ «ዱቄት ግድግዳ የሚበላበት ቤት!» እያለች ዓመት ሙሉ ስታጉረመርም ኖረች።

ታዲያ በዚያ ኅዳር ዳኛው የሚባል የጭነት ማኪና ሹፌር ከአሥመራ መጣና የወንድሜን መልእክት ነገረን። ወንድሜ የሻው አሥመራ ሄዶ የማኪና ረዳት ከሆነ ብዙ ገና አልፏል፤ አንዱንም ከእኛ ጋር አልዋለም።

«ዘንድሮ ለገና እመጣለሁ ብሏል» አለ ዳኛው። «ቤቱን እንደ ድሮው አድርጋችሁ ጠብቁኝ፣ እንደ ልጅነቴ፣ ብሏል።»

እናቴ ሌላ ምን ትፈልጋለች! ዳኛው ጀርባውን ሳያዞር ባለ ኮፍያዋን ሴት ካንገቷ ይዛ ትርትር አደረገቻት።

«ምነው እማ፣ አብደሻል?» ብዬ ጮኽሁ።

«ልጄ እንደ ድሮው ብሏል። ይቺ ድሮ የት ነበረች?»

ተጣላን። አኩርፌ ሰነበትሁ። በኋላ ግን እሷ በዚያ ወገቧ ጎንበስ ብላ ስትልጥ ማየቱ አስጠላኝና እኔም ቢላዬን ይዤ የገዛ ሥራዬን ስፍቅ ዋልሁ።

እንደ ድሮው ማለት በእኛ ቤት እንዲህ ነው። ግድግዳው በእበትና በቀይ አፈር ይለቀለቅና እስኪያብረቀርቅ ድረስ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። በላዩ ነጭ አፈር በውኃ ተበጥብጦ በጣት ይሣልበታል፤ መስቀል፣ የዘንባባ ቅጠል፣ በጉበኑ ዙሪያ ደግሞ ነጠብጣብ። ስፌቱ ሁሉ ካለበት ወጥቶ ይሰቀላል። ወለሉ ከቀሐ ወንዝ በታጨደ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ከጣልያን በፊት አያቴ በሕይወት ሳለች ቤቱ ለገና እንዲያ ነበር የሚሆነው። በመካከሉ፣ ከበሩ ትይዩ፣ አያቴ በገዛ እጇ የሰፋችው ትልቁ ሌማት ይሰቀላል።

ችግሩ ያ ሌማት ነው። አያቴ ስትሞት ለእናቴ ታናሽ እኅት፣ ለአክስቴ ለእናኑ ደረሰ። እናቴ «ለታላቅ ነው የሚገባው» አለች፤ እናኑ «እናቴን ያስታመምኋት እኔ ነኝ» አለች፤ በቃ። ከአንድ የድንጋይ አጥር ወዲያና ወዲህ ሆነው ስንት ዓመት በሌማት ተኮራረፉ። ገና በደረሰ ቁጥር እናቴ እኔን ትልካለች፤ «ላንድ ቀን ብቻ አውሺኝ በያት።» እናኑም በሯ ላይ ቆማ፣ እናቴ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትመልሳለች።

«እኔ ሳልሞት ከግድግዳዬ አይወርድም! ሞት ካላወረደው አይወርድም በያት!»

«ይዘሽው ተቀበሪ!» ትላታለች እናቴ ከወዲህ።

ከዚያ ሁለቱም የልባቸው ደርሶ ወደ ሥራቸው ይገባሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ስድብ ካልተሰማ ገና የደረሰ አይመስለኝም ነበር።

በዚያም ዓመት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሄጃለሁ። የሻው እንደሚመጣ ብነግራትም እናኑ ንቅንቅ አላለችም። «ይምጣና እኔ ቤት ገብቶ ይየው፤ ምነው፣ እግር የለውም?» አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። በደስታ ላይ ስለነበረች ስድቡ እንኳ ጣፈጣት።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ የሠፈራችን ሽማግሌ አያ ማሩ በዓይናቸው ጠሩኝ። ከጎናቸው የእናቴ የነፍስ አባት አባ ወልደ ዮሐንስ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አበቡ፣ ልብሽን ጠንከር አድርጊ» አሉ አያ ማሩ።

የሻው የነበረበት ማኪና ሊማሊሞ ላይ ገደል ገብቷል። ወንድሜን ከገደሉ አውጥተው ደባርቅ ቀብረውታል። ልጮህ አፌን ስከፍት አያ ማሩ በጋቢያቸው ጫፍ አፌን አፈኑት።

«እንዳትጮሂ! እናትሽ ትሰማለች። ባንቺአየሁ ጾሟን ትፍታ፣ በዓሉን በሰላም ትዋል። በማግሥቱ ሲነጋ ዘመድ ይዘን መጥተን እንደ ወጉ እናረዳታለን።»

«ቤቱን እያሰማመረችለት ነው እኮ! እኔ ምን ልበላት?»

«አብረሻት አሰማምሪያ» አሉ።

ወጉን አውቃለሁ። መርዶ በበዓል አይነገርም፤ እንደ ዘበትም አይነገርም። ሲነጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ተቀምጦ ነው። ብቻዋን ሰምታ ጨርቋን ጥላ የቀረች እናት ስንት አለች። ይሁን። እኔንስ ማን ደገፈኝ? አጥር ሥር አቁመው እንደ ውኃ ቅጂ ትእዛዝ ነገሩኝና ሄዱ! ደሜ ፈላ። ግን ምን ላድርግ፣ እናቴ እንዳታብድብኝ ፈራሁ፤ ፊቴን በቀሐ ውኃ ታጥቤ ቤቴ ገባሁ።

«ምነው ዓይንሽ ደም መሰለ?» አለችኝ ገና ስታየኝ።

«የጋዜጣው አቧራ ነው።»

«ይበልሽ! ለጣፊዋስ ማን ሆነና!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እንዲያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ጣቷን ነጩ አፈር ውስጥ እየነከረች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ እንደ ሕፃን ትሥላለች። ከመንገዱ የማኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጇን ሳትታጠብ ወደ ደጅ ትሮጣለች። «አይደለም» ብላ ትመለሳለች፤ እንደገና ትነክራለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ግድግዳውን በድንጋይ አሻለሁ። እንባዬ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

አንድ ቀን የየሻውን የገና ዱላ ከጎተራው ኋላ አወጣችው። ልጅ ሳለ ገና ሲጫወት ስንቱን ቅልጥም የሰበረበት የወይራ ዱላ ነው። ጠርጋ፣ ወልውላ፣ «ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ይሁን» አለች። «ነይ እስቲ እዚህ ቁሚ። ካንቺ ምን ያህል ይበልጥ ነበር? እጅሽን ከፍ አድርጊ።»

እጄን አነሣሁ።

«ከዚያ በላይ። አሁንማ ተመዝዟል። ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው» አለችና ምስማሩን መታች። እኔ እጄን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ላብድ ምንም አልቀረኝ። እግዜር ይይላቸው እነዚያን ሽማግሎች።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ሌላ ጊዜ ጠርታ የማታገኛቸው ሴቶች ሳይጠሩ መጡ። አንዷ ቄጤማ ታጭዳለች፣ አንዷ ውኃ ትቀዳለች፤ ወሬ የለ፣ ሳቅ የለ። አንዷ ዓይኗ እንባ ሲያቀር ብይዛት «ሂጂ ውጪ ሽንኩርት ላጪ!» ብዬ አባረርኋት። እናቴ «ምነው ዘንድሮ ሰው ሁሉ ሸጋ ሆነሳ!» እያለች ትመርቃቸዋለች። እናኑ ብቻ ከአጥሯ ወዲህ አላለችም። በሯ ተዘግቶ ሲውል «ይሻላል» አልሁ በልቤ። እሷ ሆደ ባሻ ናት፤ የእናቴን ፊት አይታ ዝም የምትል አይደለችም።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ ቤቱ አለቀ። እውነት ለመናገር አማረ። ቀዩ ግድግዳ ያበራል፤ ነጩ ሥዕል ገና የተሣለ አይመስልም፣ ድሮም የነበረ ይመስላል። ቄጤማው ይሸታል። የጋዜጣዬ ምልክት አንድም አልቀረም፤ እኔም አላዘንሁለትም። ከበሩ ትይዩ ግን አንድ ምስማር ባዶውን ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ጎደለ» አለች እናቴ። «ሂጂ እስቲ እናኑን ለምኛት።»

«አልሄድም! አትሰጥ ምን ያለፋኛል?»

«ይህ አፍሽ! እኔው እጣራለሁ።»

ወጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አጥሩ ሥር ቆመችና ጮኸች፤ «አንቺ እናኑ! ልጄ ዛሬ ማታ ይገባል። ሌማቱን ላንድ ቀን አውሺኝ!»

መልስ የለም።

«እናኑ! አልሰማሽም?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምነው አልተሳደበችም? ታማለች እንዴ?»

«ከብት ልታስገባ ሄዳ ይሆናል፤ ግቢ ይበርድሻል» ብዬ ክንዷን ይዤ አስገባኋት።

ገብተን ቁጭ ሳንል እናኑ በሩ ላይ ቆመች። ሌማቱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። በዓይኔ «ተመለሺ!» አልኋት፤ የት ታየኛለች።

«እንቺ እትዬ» አለች። ድምጿ ሻክሯል። «ለየሻው ስቀይለት። ላንድ ቀን አይደለም። ላንቺው ይሁን።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። እናቴ እጇን አልዘረጋችም።

«አሞሻል እናኑ?»

«አላመመኝም።»

«ሞት ካላወረደው አይወርድም ብለሽ ነበር።»

«የቁጣ ነገር ነው እትዬ፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣውን…»

እናቴ አላስጨረሰቻትም። «አንቺ ይኸው ቆመሻል» አለች ቀስ ብላ። ወደ እኔ ዞረች። «አበቡም ይቻት።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ የነጩ አፈር ጣቷ ቀሚሷ ላይ ታተመ። «እኔም አለሁ። ታዲያ ማን ሞቶ ነው ያወረድሽው?»

«እማ፣ ለበዓሉ ብላ ነው…» አልሁ። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ።

እናኑ ሌማቱን እንዳቀፈች ቄጤማው ላይ ዘጭ አለች።

እናቴ አልጮኸችም። ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን የገና ዱላ አየችው፤ ቆይታ ቆይታ አየችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና እኅቷን በሁለት ትከሻዋ ይዛ አነሣቻት። የምታቅፋት መስሎኝ ነበር።

«ውሰጂው» አለቻት። «ወደ ቤትሽ ሂጂና መልሰሽ ስቀይው። አልመጣሽም። እኔም አላየሁሽም።»

«እትዬ፣ በማርያም…»

«ሂጂ አልሁሽ! ስቀይውና በርሽ ላይ ቁሚ። እንደ ዓምናው ስደቢኝ!»

እየገፋች ከቤት አወጣቻት፤ እየገፋች ከግቢ አስወጣቻት። እናኑ ሌማቷን ታቅፋ እየተደናቀፈች አጥሩን ዞራ የራሷ በር ላይ ቆመች። ሴቶቹ ተከትለው ወጡ። አያ ማሩ ወሬው እንዴት ቶሎ እንደደረሳቸው እንጃ፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። የሚጠጋት ግን አልተገኘም። እናቴ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አንቺ እናኑ!» ብላ ጮኸች። «ልጄ ዛሬ ማታ ይገባል። ሌማቱን ላንድ ቀን አውሺኝ!»

እናኑ ሌማቱን ደረቷ ላይ ይበልጥ አጣበቀችው።

«አውሺኝ እኮ ነው የምልሽ!»

«አልሰጥሽም» አለች እናኑ።

«አልሰማሁም! ጮክ በይ!»

«አልሰጥሽም!» እንባዋ ሌማቱ ላይ ይወርዳል። «እኔ ሳልሞት አይወርድም! ሞት ካላወረደው አይወርድም!»

«እሰይ» አለች እናቴ። «እሰይ እኅቴ፣ እንዲያ በይ። አልወረደማ። ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ያን ጊዜ ወደ አጥሩ ዘመመች። አያ ማሩ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። «አይንኳት!» ብዬ ገፋኋቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ገፋኋቸው። እናቴን እኔው ያዝኋት። ከዚያ ጮኸች።