የጠያቂ ኮላ

ዐዋጢፍ ከፍሪጅ ያወጣቻቸውን የኮላ ጠርሙሶች በጨርቅ እየወለወለች ለሻዕባን አቀበለችው። የት እንደሚሄዱ ታውቃለች። ከሱቋ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ባለው ክፍል ባሏ ማህጁብ ተኝቷል፤ ሻዕባን የመጣው እሱን ሊጠይቅ ነው። ከሚስትየዋ ገዝቶ ለባልየው ሊሰጥ።

«ቀዝቅዟል?» አለ ሻዕባን።

«ቀዝቅዟል።»

«አላህ ያሽረው» ብሎ ብሩን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወደ ውስጥ ዘለቀ። የብሩን መልስ አልጠበቀም። መልስ መጠበቅ በሽተኛ ካለበት ቤት መቀማት ነው ብሎ ያስባል፤ ሻዕባን እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነው።

በአሶሳ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ድሮ ማር ነበር፣ ማንጎ ነበር፣ ያለው ዶሮ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ለስላሳ ሆኗል። የመጣው ነገር በሽተኛው ፊት ይከፈታል፤ እሱ ይቀምሳል፤ ጠያቂው አብሮት ይጠጣል። ሳይከፈት የቀረ እንደሆነ ጠያቂው «ምን አስቀይሜው ይሆን?» እያለ ሲያብሰለስል ይከርማል። በማህጁብ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረበት። ሰውየው ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤቱ በሚስቱ ሱቅ እንደሚተዳደር ሰፈሩ ስለሚያውቅ፣ ኮላውን ከሌላ ሱቅ ገዝቶ መምጣት ነውር ሆነ። ክፉ ያሰበ ማንም የለም። ዐዋጢፍን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ክፉ ቢያስቡ ኖሮ ተሳድባ ታባርራቸው ነበር።

ማህጁብ ልብስ ሰፊ ነው። የእሱ ጀለቢያ ትከሻ ላይ አይጨማደድም ይባላል፤ ለዒድ ከባምባሲ ድረስ መጥተው ያሰፉታል። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። የታመመው ደግሞ የሚረግጥበት ቀኝ እግሩ ነው። አውራ ጣቱ ከተቆረጠ ወር አልፎታል፤ ቁስሉ ግን አልደረቀም፣ እንዲያውም ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሐኪሙ ባለፈው ጊዜ ዐዋጢፍን ለብቻዋ ጠርቶ፣ የፊታችን ሰኞ ሲመጡ ስኳሩ ወርዶ ካልተገኘ ከጉልበቱ በታች ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ እንደሌለ ነግሯታል። ለማህጁብም ያንኑ ነገረው። ማህጁብ «አላህ ያውቃል» አለና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዛሬ ዓርብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በራሷ በዐዋጢፍ እጅ ነው። ባለፈው ረመዳን ሐኪሙ «መርፌ እየወሰድክ መጾም አትችልም» ቢለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ ለመርፌ ብዬ ልብላ?» ብሎ ተደብቆ ጾመ። መርፌውን ወጋ፣ ምግብ አልቀመሰም። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ላብ በላብ ሆኖ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ወደቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሲጯጯህ ዐዋጢፍ ነርሷ አንድ ጊዜ ያለቻት ትዝ አላት፤ እንዲህ ሲሆን ጣፋጭ ነገር ስጪው። ከፍሪጁ ኮላ መንጭቃ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣችው። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፤ ሚስቱን በስሟ ጠራት። ሰዉ «አላሁ አክበር» አለ።

ሐኪሙ በኋላ በደንብ አስረድቶታል። ያን ቀን ስኳሩ ወርዶ ስለነበር ኮላው አዳነው፤ ስኳሩ ከፍ ባለበት በሌላው ቀን ሁሉ ግን ያው ኮላ መርዙ ነው። ማህጁብ ከዚህ ንግግር የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ወዲህ ኮላ በእሱ አፍ መድኃኒት ሆነ፤ በሰፈሩም አፍ እንዲሁ።

ዐዋጢፍ ብርጭቆ ይዛ ስትገባ ሻዕባን ምንጣፉ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ከፓዌ ጭነት ይዞ የመጣው ሾፌር ገላው አለ፤ አሶሳ በመጣ ቁጥር ሸሚዙን ማህጁብ ጋ የሚያሰፋ የቆየ ደንበኛ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚወራው በበርታኛ ነበር። በገላው ምክንያት ሁሉም ወደ አማርኛ ዞረዋል። ሻዕባን በአማርኛ ሲያወራ ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው።

«ዐዋጢፍ፣ አንተም ጠጣ እንጂ» አላት።

እሷ እንደማትፈልግ ተናግራ ከበሩ አጠገብ ቆመች። የማህጁብ እግር በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ጠያቂ ሲመጣ ሁልጊዜ ይሸፈናል፤ ጠያቂም ቁስሉን አሳየኝ አይልም። «እንዴት ነህ?» ይባላል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀሎኛል» ይባላል፣ በዚያው ያልቃል።

ገላው ብርጭቆውን በእጁ ይዞ ሳይጠጣ ቆየ። «እኔ ይሄን ነገር እፈራዋለሁ» አለ። «የመኪናዬ ባትሪ ጫፉ ሲዝግ የማፈስበት ይሄንኑ ነው። ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያነሳው። ብረት ላይ እንዲህ የሚሠራ ነገር አንጀት ላይ ሲደርስ ምን ያደርግ ይሆን?»

«እንግዲያው የእኔም ዝገት ነው የሚነሳው» አለ ማህጁብ። ሳቁ። ሲቀልድ የድሮው ማህጁብ ነው።

«ምንም የለውም» አለ ሻዕባን። «ስኳር አለ፣ ውሃ አለ፣ ጋዝ አለ። ሻይ ውስጥ ስኳር የለም? አባቴ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሽማግሌ ሆነ፣ ከዚያ ሞተ።»

«አባትህ መሬት ሲቆፍር ይውል ነበራ። እኔ መሪ ይዤ፣ አንተም ተቀምጠህ ነው የምንውለው። የት ይሂድ ስኳሩ?» ገላው ወደ በሽተኛው ዞረ። «ለመሆኑ ሐኪሙ ምን ይላል?»

«ሐኪም የማይለው ምን አለ? ገንፎ ቀንስ፣ ማንጎ ተው፣ ሻይ በባዶው ጠጣ። እኔን ሞት ጎትቶ ሲወስደኝ የመለሰኝ ይሄ ነው። ምስክሯ ይቻትና።»

ሦስቱም ወደ ዐዋጢፍ ዞሩ።

«ያን ቀን፣ አዎ» አለች።

«ያን ቀን» የምትለዋን ማንም አልሰማትም። ማህጁብ ብርጭቆውን አነሳ፤ ሻዕባንም አነሳ፤ ገላውም ከሰው ላለመለየት ብሎ አነሳ። ባሏ ሲጠጣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል እያየች ቆመች። ያንን ብርጭቆ ከእጁ ብትነጥቀው ምን ይመጣል ብላ አሰበች። አልነጠቀችውም።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ስንተኛው እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ለመጠጣት እንጂ ለመቁጠር እንዳልተቀመጠ ነገራት።

«ሰው ወዶኝ ያመጣውን ልመልስለት?» አለ።

«መልስለት።»

«ማህጁብ ጠያቂ አሳፈረ ይባል?»

«ሰኞ እግርህን ይቆርጡታል።»

«መኪናዋን በግራ እረግጣታለሁ።»

አልሳቀችም። ግራ እግሩም ከደነዘዘ ሰንብቷል፤ ባለፈው የጋለ ከሰል ረግጦ ሽታው እንጂ ሕመሙ አልነገረውም። ይህን እሱም ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ማስታወስ ስድብ ስለሚሆንባት ተነስታ ወጣች።

አንድ ጊዜ አልሸጥም ብላ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ለመጣ ጠያቂ ሁሉ «ኮላ አልቋል» አለች፤ የፍሪጁ በር መስታወት መሆኑን ረስታ። ጠያቂዎቹ ጠርሙሶቹንም እሷንም አዩና መንገድ ተሻግረው ከሐመድ ሱቅ ገዝተው ተመለሱ። አልሸሹም ዞር አሉ። ባልየው ያንኑ ጠጣ፤ ሱቁ ያን ቀን ከሰረ፤ በማግስቱም የሐመድ ሚስት «ለባሏ መድኃኒት ሰሰተች» ማለቷን ሰማች። ረቡዕ መልሳ መሸጥ ጀመረች። በኮላው ትርፍ ፋሻ ትገዛለች፣ በፋሻው ኮላው ያባሰውን ቁስል ትጠቀልላለች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሼህ ዓብዱልባሲጥ ሦስት ሰዎች አስከትለው መጡ። ሼሁ የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ናቸው፤ ማህጁብ ከልጅነቱ ጀምሮ ከኋላቸው ሰግዷል፣ የሚለብሱትን ጀለቢያም የሰፋላቸው እሱ ነው። በሱቁ በኩል ሲገቡ ቆም ብለው፣ «ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ፣ ለእሱ ሁለት» አሏት። በመስጊድም ለማህጁብ ዱዓ እንዳደረጉለት፣ ኮላ እንደሚስማማው ሰምተው ሰዎቹን ይዘው እንደመጡ ነገሯት።

ዐዋጢፍ ጠርሙሶቹን አወጣች። ብር አልተቀበለችም። ሼሁ ይህን እንደ አክብሮት ቆጥረው መረቋት። ጠርሙሶቹን፣ ብርጭቆዎቹንና መክፈቻውን ትሪ ላይ ደርድራ ተከትላቸው ገባች።

ሰላምታው ረጅም ነበር። ማህጁብ እንደምንም ቀና ብሎ ትራስ ተደገፈ። እንዴት ነህ ተባለ፤ ቀሎኛል አለ። ሼሁ ትዕግሥትን በተመለከተ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ትሪው ዘረጉ።

«በል፣ ቢስሚላህ» አሉ።

ዐዋጢፍ ትሪውን ሰጠቻቸው። መክፈቻውን ግን ያዘችው።

«ሼህ፣ ከመክፈትዎ በፊት ሊጠይቁ የመጡትን ሰው ይዩት» አለች።

አንሶላውን ገለጠች። ፋሻውንም ፈታችው፤ የየቀን ሥራዋ ነው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አውራ ጣቱ የነበረበት ቦታ ክፍት ነው፤ ዙሪያው ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ በእግሩ ጀርባ ላይ ተንፏቅቆ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። ከሰዎቹ አንዱ በጀለቢያው እጅጌ አፍንጫውን ያዘ፣ ወዲያው አፈረና ለቀቀ።

«ሸፍኚው» አለ ማህጁብ።

«ባለፈው ዓርብ እዚህ ነበር» አለች፣ በጣቷ እያሳየች። «ዛሬ እዚህ ደረሰ። ሰኞ ከዚህ ሊቆረጥ ነው።» እጇን ከጉልበቱ በታች አሳረፈች። «ያን ቀን ኮላ አዳነው፣ እውነት ነው፤ ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሲጠጣ የኖረው ግን ይሄን ነው ያመጣው። የምትወዱት ሰዎች ናችሁ የምታጠጡት። የምሸጥላችሁም እኔ ነኝ።»

መክፈቻውን ሼሁ ፊት ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

«አሁን የሚከፍትለት ሰው ይክፈትለት።»

ማንም አላነሳውም። ሼሁ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና «ልጄ፣ የባል ገበና . . .» ብለው አቋረጡት። እግሩን አዩ። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱና ዱዓ አደረጉ፤ ሌሎቹም መዳፋቸውን ዘርግተው ተከተሉ። ዱዓው አጭር ነበር። ሲነሱ ከመካከላቸው ወጣቱ ጠርሙሶቹን ይዞ ይውጣ ወይስ ይተዋቸው ግራ ገብቶት ትሪውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «አላህ ያሽርህ» ብለው ወጡ። ይቅርታ ያለ የለም፣ የወቀሳትም የለም። በሱቁ በር ላይ ድምፃቸው ለጥቂት ጊዜ ተንሾካሾከና ራቀ።

ማህጁብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ኢማሜ ፊት ራቁቴን አስቀረሽኝ» አለ።

«እግርህን ነው ያሳየሁት።»

«ሰው ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይመጣም። ሲመጣም እንደ ሬሳ ነው የሚያየኝ። ይሄን ፈልገሽ ነው?»

መለሰችለት። እሱን በሕይወት እንጂ በስም እንደማትፈልገው፣ ሬሳ መባሉ ሬሳ ከመሆን እንደሚሻል ነገረችው። ይህን ስትል ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው እንባ መጣ። እሱ አልዞረም።

«ከዛሬ ጀምሮ እግሬን አትንኪ» አለ።

ወደ ጓዳ ሄዳ ውሃ ለብ አድርጋ ጨው ጨመረችበት። ሳህኑን ይዛ ተመልሳ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች፣ ፎጣውን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ማህጁብ እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ሲሰበስብ ቁስሉ አንሶላውን ነካውና ጥርሱን ነከሰ፤ ግን መልሶ አልዘረጋውም። እሷም አልጎተተችውም። ተቀመጠች።

ከሱቁ በኩል የሴት ድምፅ ተሰማ። ዓዲላ ናት፣ የማህጁብ የአጎት ልጅ፤ ከኩርሙክ መንገድ አቋርጣ ልትጠይቀው መጥታ።

«ዐዋጢፍ! ኮላ አለ?»

ማህጁብ ከግድግዳው ሳይዞር ትንፋሹን ያዘ።

«አለ» አለች ዐዋጢፍ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ማህጁብን ልትጠይቂ ከሆነ ግን ባዶ እጅሽን ግቢ።»