የመልስ ቆርቆሮ

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። አስተማሪዬ ከስድስተኛ ክፍል ሲያባርሩኝ እንኳ የመጨረሻዋን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ሳንቲሙ ሁሉ ለጥይት ቀለጠ አሉ፤ ባለሱቁ ሁሉ «መልስ የለም» ማለት ጀመረ። በሰፈሩ መልስ የሞላት እኔ ብቻ ሆንኩ።

ዳቦ ጋጋሪው ከዘይት ቆርቆሮ ክብ እየቆረጠ፣ በምስማር «ዳ» ብሎ እየበሳ በሳንቲም ፋንታ ይሰጥ ጀመር። ሲመለስለት አንድ ዳቦ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ካርቶን ቆርጦ ማኅተም መታበት። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ የጠርሙስ ክዳን ቀለም ቀባች። ሌላው ሰው እየመለሰ ዳቦውን ሲበላ፣ እኔ ከየዓይነቱ በሻይ ቅጠል ጣሳ አከማቸሁ። እናቴ «ቆርቆሮ ይበላል?» ትላለች። ነቢይ በአገሩ አይከበርም።

አጎቴ ግን ያከብረኛል። ቤት ውስጥ «አቶ ነገ» ነው የሚባለው፤ ሥራ መቼ ትይዛለህ ሲባል ሌላ መልስ ስለሌለው። ባለፈው ሰኞ ከመዳፉ መሃል አንዲት የናስ ክብ አሳየኝ። ጫፏ ላይ ቀዳዳ አላት፤ መሃሏ ላይ «7» ተቀርጿል።

«የላውንደሪው ናት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰባት ብቻ ነው ያወጣው። ይቺ የመጨረሻዋ ናት።»

«ከየት አገኘሃት?»

«አዋቂ ሰው ከየት አይልም።»

አዋቂ ነኝና ዝም አልኩ። ያሉኝን የፀጉር አስተካካይ ካርቶኖችና ስምንት «ዳ» ቆጥሬ ሰጠሁት። በማግስቱ ተላጭቶ፣ ጉንጩን በዳቦ ወጥሮ ገባ።

በዚያው ቀን እናቴ ቤቱን ትገለብጥ ጀመር። ሐሙስ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ለሥራ ልትጠየቅ ተጠርታለች። ሰው ፊት የሚያቆም አንድ ካፖርት ነው ያላት፤ እሱም ላውንደሪ ነው። የላውንደሪው ሰውዬ ደግሞ ምልክት ካላየ ለገዛ እናቱም ልብስ አይሰጥም። «መደርደሪያው ላይ ነበር ያስቀመጥኩት» ትላለች። ምልክት ስትል ደረሰኝ መስሎኝ አልጋ ሥር ወረቀት ፈለግሁላት። አጎቴም አብሮን ፈለገ። እንዲያውም ከሁላችን የደከመው እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ልትለምን ስትሄድ ጣሳዬን ይዤ ተከተልኳት። ለእሷ አስቤ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው ናሷን አይቶ እንዲመሰክርልኝ ነው። እንፋሎቱ መሃል ካውያውን ይዞ ቆሟል። እናቴ ትለምናለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። መሃል ገባሁ።

«ጋሼ፣ እውነት ሰባት ብቻ ነው ያወጡት?»

ናሷን ተቀበለኝ። ወደ መስቀያው ዞሮ የእናቴን ካፖርት አወረደና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። አንገትጌው ላይ መንትያዋ በመርፌ ቁልፍ ተንጠልጥላለች፤ «7»።

«እኔ የመልስ ቆርቆሮ አውጥቼ አላውቅም» አለኝ። «መልስ የለም እላለሁ፣ አለቀ።»

እናቴ ካፖርቱን ለበሰች። እየቆለፈች አየችኝ።

«ማን ሰጠሽ?»

«አጎቴ።»

«በስንት?»

ነገርኳት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ይዘሻት አልጋ ሥር ምን ትፈልጊ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

እናቴ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«እሷም ጋ መልስ አልቋል።»