ውሃ በብዛት ጠጪ

በስፌት ፋብሪካው ሦስተኛ መስመር ላይ ሠላሳ ሁለት ሴቶችና አንድ ካርድ ነበሩ። ካርዱ የመጸዳጃ ቤት መውጫ ነው። የወጣችው ተመልሳ ለተቆጣጣሪዋ እስክታስረክብ ሌላዋ ንቅንቅ አትልም፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈች ደግሞ ስሟ ይጻፋል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ብቻ የራሱ ሽንት ቤት ቢሮው ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሴቶቹ ተቆጣጣሪዋን በሌለችበት «ወይዘሮ አምስት ደቂቃ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ «ይበሉኝ፣ ምን ቸገረኝ» ትላለች።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳትፈርዱባት። ወንድሟ ሲሞት ልጁን ወስዳ እንደ ራሷ ልጅ አሳድጋለች። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ደጅ ጠንታ፣ ለምና፣ እዚያው መስመር ላይ ኮሌታ ሰፊ አድርጋ አስቀጠረቻት። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። «ለዘመዷ ታደላለች» እንዳይሏት ፈራች። የወንድሟ ልጅ እጇን ስታወጣ «ቆዪ» ትላታለች፤ ተራዋ ሲደርስም ካርዱን ለሌላ ትሰጣለች። ልጅቷ ደግሞ አፍ የላትም። ሁለት ሦስት ጊዜ በሰው ፊት ከተሸማቀቀች በኋላ የራሷን መላ አገኘች፤ ውሃ መጠጣት ተወች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጉሮሮዋን እንኳ አታረጥብም።

ብዙም ሳይቆይ ወገቧን ያማት፣ ሽንቷም ያቃጥላት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ክኒን ሰጧትና «ውሃ በብዛት ጠጪ» አሏት። ከሦስት ወር በኋላ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች፤ ሌላ ክኒን፣ ያው ምክር። በሦስተኛው የመረመራት ሰውዬ ተቆጣ። «አንቺ ልጅ፣ የተነገረሽን አትሰሚም እንዴ?» እውነቱን ነው፣ አልሰማችም። ለምን እንደማትጠጣ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከኋላዋ ወረፋው እስከ ግቢው በር ድረስ ነው፤ እሱም ዓይኑ ያለው ወረፋው ላይ ነው።

አክስት ደግሞ ቤት ውስጥ ቁም ስቅሏን ታሳያታለች። ትልቅ ጆግ ገዝታ ራስጌዋ አስቀመጠች። «ጠጪ እንጂ! ሐኪም ያለሽን ካልሰማሽ ማንን ልትሰሚ ነው?» እያለች እሁድን ሙሉ ስታጠጣት ትውላለች። ሰኞ ጠዋት ያንን ካርድ አንገቷ ላይ አጥልቃ ሥራ ትገባለች። ሁለቱን ነገር አገናኝታ አላየችውም። ወይ ጉድ! አፍንጫዋ ሥር ነበር እኮ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጅቷ ፊቷ እንዳበጠ ማሽኑ ላይ ተደፋች። አክስት በጀርባዋ አዝላ እየሮጠች ሆስፒታል አደረሰቻት። ደም ተወሰደ፣ ኩላሊቷ ታየ። በማግስቱ አንዲት ወጣት ሐኪም መጥታ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሐኪም ሲቀመጥ ደህና ወሬ አይመጣም ብላ አክስት ወደ አልጋው ተጠጋች።

«የጤና ጣቢያውን ወረቀት ሁሉ አየሁት» አለች ሐኪሟ። «ሦስት ጊዜ ውሃ ጠጪ ተብለሻል። ለምንድን ነው የማትጠጪው?»

ልጅቷ አክስቷን ቀና ብላ አየቻትና አቀረቀረች። «ውሃ አልወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

ውሸት! ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ቧንቧው ላይ የምትደፋ፣ «ሆድሽ ይፈነዳል» ስትባል እየሳቀች የምትጨምር ልጅ ነበረች። አክስት ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ልጅቷ ሸፍናላታለች፤ ሥራዋም አይነካም።

«ትዋሻለች፣ ዶክተር» አለች። «የከለከልኳት እኔ ነኝ።» ሠላሳ ሁለት ሴቶች ስለሚጋሩት ካርድም፣ ስለ ደቂቃውም፣ ስለምትነፍጋት ተራም አንድ ሳታስቀር ተናገረች።

«አክስቴ፣ ተይ!» ልጅቷ ከትራሷ ቀና አለች። «ዶክተር፣ እባክዎ አይጻፉት፤ ከሥራ ያባርሯታል።»

«ይጻፉት» አለች አክስት።

ሐኪሟ ጻፈችው። ከዚያም «የቀሩት ሠላሳ አንዱስ? እነሱ ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀች። አክስት ጠረጴዛዎቹን በሐሳቧ አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ክር አለ፣ መቀስ አለ፣ ሜትር አለ። አንድ የውሃ ጠርሙስ አልታይሽ አላት።

«እነሱንም መጥቼ አያቸዋለሁ፤ ለፋብሪካውም ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለች ሐኪሟ። «እዚያ ያለው ነገር ካልተስተካከለ ክኒን ብቻውን ምንም አያደርግም።» ቀጥላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የልጅቷ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ማቆማቸውን ነገረቻቸው።

ደብዳቤው ደረሰ። ወር ሳይሞላ ካርዱ ቀረ፤ ወይዘሮ አምስት ደቂቃም አብራ ተባረረች። ሕጉን ያወጣው ሰው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቢሮው ውስጥ አለ። ሴቶቹ አሁን ጠርሙሳቸውን ጠረጴዛቸው ላይ አቁመው ይሰፋሉ፣ ሲፈልጉም ይወጣሉ። እሰየው፤ የልጅቷን ኩላሊት ግን ማንም አልመለሰላትም።

በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ትሄዳለች። ሽንት ስለማይወጣት የምትጠጣው ሁሉ ሳንባዋ ላይ ይጠራቀማል ተብሏል፤ በቀን ከሁለት ብርጭቆ ውሃ በላይ አይፈቀድላትም። የምትሰፍርላት አክስቷ ናት።

አንድ ቀን ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲል ልጅቷ «አክስቴ፣ በጣም ጠማኝ። አንድ ጉንጭ ብቻ» አለቻት። ገና ቀትር ነው፤ ሁለቱም ብርጭቆ አልቋል።

«የዛሬው አልቋል፣ ልጄ። ብሰጥሽ ትታፈኛለሽ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። አልተከራከረችም፣ አላኮረፈችም። አክስት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝ እያለች አለቀሰች።